ከፋዩ አንድ፣ ደብዳቤው የሚደርሰው ለሌላ፦ የንብረት ግብር በዋሽንግተን ዲሲ



በየዓመቱ ማርች 1 ከመድረሱ በፊት በዋሽንግተን ዲሲ ለሚገኙ የቤትና የሕንፃ ባለቤቶች አንድ ፖስታ ይላካል። ከከተማዋ የታክስና ገቢ ጽሕፈት ቤት የሚመጣው ይህ ወረቀት የመሬቱን ዋጋ ለብቻ፣ የሕንፃውን ዋጋ ለብቻ አስቀምጦ ድምሩን ካለፈው ዓመት ግምት ጎን ያሰፍራል። የክፍያ መጠየቂያ አይደለም፤ የንብረት ግምት ማስታወቂያ ነው። በዚህም ምክንያት ብዙ ባለቤት "ገና ሂሳብ አልመጣም" ብሎ ከሱቅ ማስታወቂያዎች ጋር ጠረጴዛ ላይ ይተወዋል። የሚከፈለው ሂሳብ ግን የሚሠራው እዚያ ወረቀት ላይ ካለው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ስሕተት ነው ብሎ ለመከራከር የሚፈቀደው የመጀመሪያው ቀነ ገደብም ኤፕሪል 1 ነው። አንድ ወር ማለት ነው።

ይህ ፖስታው የሚደርሰው ሰው ጉዳይ ነው። ከዚህ የከፋው ግብሩን ከኪሱ እየከፈለ ፖስታውን ዐይቶት የማያውቀው ሰው ጉዳይ ነው። በዩ ስትሪት፣ በዘጠነኛው ጎዳና፣ በጆርጂያ አቬኑ ምግብ ቤት፣ ካፌ፣ የቅመማ ቅመምና የእንጀራ መሸጫ፣ የፀጉር ቤት ያላቸው ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ብዙዎቹ የሕንፃው ባለቤቶች አይደሉም፤ ተከራዮች ናቸው። በንግድ ቤት ኪራይ ዘንድ የተለመደው "ትሪፕል ኔት" የሚባለው ውል ደግሞ ከኪራዩ በተጨማሪ የሕንፃውን የንብረት ግብር፣ የመድን ዋስትናና የጥገና ወጪ በተከራዩ ላይ ያሳርፋል። ማስታወቂያው በመዝገብ ባለቤት ተብሎ ለተመዘገበው ይሄዳል፤ ክፍያው ከሱቁ ገቢ ይወጣል። ሕግ አውጪዎች ሊያስተካክሉት የሚችሉት ትልቁ ክፍተት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ነው።

ወደ ስሌቱ ከመግባት በፊት "ግብር" የሚለው ቃል ሰዎች ከአገር ቤት ይዘውት የመጡትን ትርጉም ማስታወስ ይጠቅማል። አዲስ አበባ ላይ የኖረ ሰው "የጣሪያና ግድግዳ" ሲባል የሚያውቀው ሌላ ዓይነት ክፍያ ነው። በ1968 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 80 መሠረት የከተማ ቤት ግብር የሚታሰበው ቤቱ በዓመት ሊያስገኝ ይችላል ተብሎ ከተገመተው ኪራይ ላይ ነበር። መሬቱ የመንግሥት ስለሆነ የመሬት ኪራይ ለብቻው ይከፈል ነበር። ግምቱ ለረጅም ዓመታት ሳይነካ በመቆየቱም ክፍያው ከቤቱ የገበያ ዋጋ ጋር የሚያገናኘው ነገር እምብዛም አልነበረም። የከተማው አስተዳደር በ2015 ዓ.ም. ግምቱን ሲከልስ በነዋሪው ዘንድ ድንጋጤ የተፈጠረውም ሕዝቡ ቁጥሩን እንደማይለወጥ ነገር ለምዶት ስለነበር ነው። በዚያ ልምድ ያደገ ሰው ዲሲ ውስጥ የግምት ማስታወቂያ ሲደርሰው የመንግሥትን የመጨረሻ ቃል እንደሰማ ይቆጥረዋል። እንደ ሕጉ ከሆነ ግን ማስታወቂያው የአንድ ገማች አስተያየት ነው፤ ማስረጃ ከቀረበበት ሊለወጥ ይችላል።

ስሌቱ ለመኖሪያ ቤት ቀላል ነው። በዲሲ የመኖሪያ ቤት የግብር ተመን በየ100 ዶላሩ 85 ሳንቲም ነው። ከ2025 የግብር ዓመት ጀምሮ ከ2.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለተገመቱ ቤቶች ትርፉ በ1 ዶላር ይታሰባል፤ ያ አብዛኛውን ሰው አይመለከትም። ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበት ከሆነና "ሆምስቴድ" ለተባለው ቅናሽ አመልክቶ ከተፈቀደለት፣ ከግምቱ ላይ ወደ 90,000 ዶላር የሚጠጋ መጠን ይቀነስለታል። ለምሳሌ በ600,000 ዶላር የተገመተ ቤት ያለ ቅናሹ 5,100 ዶላር ይከፈልበታል፤ በቅናሹ 510,000 ላይ ተሰልቶ 4,335 ዶላር ይሆናል። የ765 ዶላር ልዩነት ነው፤ የሚገኘውም በአንድ ማመልከቻ ነው።

ከዚህ ቅናሽ ጋር የተያያዘ፣ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሌላ ጥቅም አለ። ሆምስቴድ ያለው ቤት ግብር የሚከፈልበት ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ10 በመቶ በላይ እንዲጨምር አይፈቀድም፤ ለተፈቀደላቸው አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ጣሪያው ከዚያም በጣም ዝቅ ያለ ነው። ከላይ የተጠቀሰው ቤት ግምቱ በአንድ ጊዜ ወደ 690,000 ዶላር ቢያሻቅብ፣ ጣሪያው ባይኖር ግብሩ የሚሰላው በ600,000 ላይ ነበር። ጣሪያው ግን ካለፈው ዓመት 510,000 ተነሥቶ በ561,000 ላይ ያቆመዋል። በመሆኑም ማስታወቂያው ላይ የሚታየው ትልቁ ቁጥርና ግብር የሚከፈልበት ቁጥር የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። አንዳንድ ባለቤት በዚህ ተደናግሮ ያለ ምክንያት ይደነግጣል፤ ሌላው ደግሞ ጣሪያው ለዘላለም ይጠብቀኛል ብሎ ይግባኙን ይተዋል። ጣሪያው ጭማሪውን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ ከፍ ያለው ግምት በሚቀጥሉት ዓመታት በየዓመቱ በ10 በመቶ እየተጠጋ ይመጣል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ መደናገር አለ። በሲያትልና በዲሲ የሚኖሩ ዘመዳሞች በስልክ ምክር ሲለዋወጡ "ግምቱ ቢጨምርም ግብሩ አይጨምርም" የሚል ነገር ይሰማል። ይህ ስሙን ለሚጋራው ለሌላው ዋሽንግተን፣ ለክፍለ ግዛቱ፣ በመጠኑ እውነት ነው። እዚያ እያንዳንዱ ግብር ሰብሳቢ አካል ከነባር ንብረት የሚሰበስበው ጠቅላላ ገንዘብ፣ መራጩ ሕዝብ ካልፈቀደ በቀር፣ በዓመት ከ1 በመቶ በላይ እንዳያድግ በሕግ ተገድቧል። የሁሉም ቤት ዋጋ እኩል ካደገ ተመኑ በዚያው ልክ ይወርዳል። ዲሲ ውስጥ ግን ተመኑ በሕግ ተቀምጧል፤ ግምቱ ሲጨምር ምክር ቤቱ ተመኑን እስካልቀነሰ ድረስ ገቢውም ይጨምራል። ስለዚህ በዲሲ ግምቱ የክርክሩ ሁሉ ሥር ነው።

የንግድ ሕንፃ ጉዳይ ጠለቅ ብሎ መታየት ያለበት ነው። ተመኑ ከመኖሪያ ቤቱ በግምት እጥፍ ነው፤ እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር ለተገመተ ሕንፃ በየ100 ዶላሩ 1.65 ዶላር፣ ከዚያ በላይ 1.77፣ ከ10 ሚሊዮን በላይ 1.89 ነው። ለንግድ ሕንፃ ሆምስቴድ የለም፤ የ10 በመቶ ጣሪያም የለም። ዋጋው በአንድ ዓመት 30 በመቶ ቢጨምር ግብሩም 30 በመቶ ይጨምራል።

ግምቱ የሚሠራበት መንገድም ሌላ ነው። መኖሪያ ቤት የሚገመተው በአካባቢው ከተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶች ጋር እየተነጻጸረ ነው። ኪራይ የሚያስገባ ሕንፃ ግን በአብዛኛው የሚገመተው በሚያስገኘው ገቢ ነው። ገማቹ ከዓመቱ ኪራይ ወጪዎችን ቀንሶ የተጣራውን ገቢ ያገኛል። ከዚያም ገዢዎች ከእንዲህ ዓይነት ሕንፃ በዓመት ይጠብቁታል ተብሎ ለሚታሰበው የትርፍ መቶኛ ያካፍለዋል። ይህ መቶኛ "ካፕ ሬት" ይባላል። ዐራት ሱቆች ያሉበት አንድ ሕንፃ በዓመት የተጣራ 120,000 ዶላር ያስገባል እንበል። ገማቹ 6 በመቶ ከወሰደ ሕንፃው 2,000,000 ዶላር ይሆናል፤ 8 በመቶ ከወሰደ 1,500,000 ዶላር። ሕንፃው አልተለወጠም፣ ኪራዩም አልተለወጠም። በመጀመሪያው ግምት ግብሩ 33,000፣ በሁለተኛው 24,750 ዶላር ነው። ከዐራቱ ሱቆች አንዱን የተከራየችው ባለ ምግብ ቤት ሩቡን የምትሸፍን ከሆነ፣ በዚያች የሁለት ነጥብ ልዩነት የተነሣ በዓመት ከ2,000 ዶላር በላይ ትከፍላለች። ሴትየዋ ስለዚያ መቶኛ ሰምታ አታውቅም። መቶኛው ለምን 6 ሆነ፣ ለምን 8 አልሆነም ብሎ ለመጠየቅ የሚያስችለው ማስታወቂያም በእጇ አልገባም።

የጊዜውን አካሄድ ደግሞ በአንድ ዓመት ምሳሌ መከተል ይቻላል። የ2026 የግብር ዓመት ግምት የተመሠረተው በጃንዋሪ 1 ቀን 2025 በነበረው ዋጋ ላይ ነው። ማስታወቂያው የተላከው እስከ ማርች 1 ቀን 2025 ሲሆን የመጀመሪያው የይግባኝ ቀን ያበቃው ኤፕሪል 1 ቀን 2025 ነው። የግብር ዓመቱ ራሱ የጀመረው ኦክቶበር 1 ቀን 2025 ነው። ክፍያዎቹ የሚጠየቁት ማርች 31 እና ሴፕቴምበር 15 ቀን 2026 ነው። አከራዩ እነዚህን ከፍሎ፣ ተከራዩ በየወሩ በግምት ሲከፍል የቆየውን አመዛዝኖ "ይህን ያህል ይቀራል" የሚል የዓመት መጨረሻ ሂሳብ የሚልከው እንደ ውሉ ዓይነት በ2027 መጀመሪያ ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ነጋዴዋ ጭማሪውን ለመጀመሪያ ጊዜ በቁጥር የምታየው ክርክሩ ከተዘጋ ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲቃረብ ነው። "ሳይቃጠል በቅጠል" ማለት በሚያስፈልግበት ሰዓት ጭሱን እንኳ የሚያሳያት አልነበረም።

አከራዩ ራሱ ይከራከር ነበር ሊባል ይችላል። አንዳንዱ ይከራከራል። ነገር ግን ግብሩን ሙሉ በሙሉ ወደ ተከራይ ያሻገረ ባለቤት ለይግባኝ የሚያነሣሣው ነገር ትንሽ ነው። እንዲያውም ለመሸጥ ወይም በባንክ ለማስያዝ የሚያስብ ከሆነ ከፍ ያለ ግምት ላያስከፋው ይችላል። ይህ የክፋት ጉዳይ አይደለም፤ ወጪው የማይነካው ሰው ለወጪው የሚጨነቅበት ምክንያት ስለሌለው ነው። በማኅበረሰቡ ውስጥም ሕንፃ ገዝተው ለወገናቸው የሚያከራዩ ባለቤቶች እንዳሉ መዘንጋት አይገባም። ለእነርሱ ተከራዩ አጋር ሊሆን ይችላል። የቀነሰ ገበያ፣ ባዶ የቀረ ሱቅ፣ የሚያፈስ ጣሪያ ለይግባኝ ጠቃሚ ማስረጃ ናቸው፤ እነዚህን በየቀኑ የሚያያቸው ደግሞ ተከራዩ ነው።

ይህ ሁሉ አሁን የሚያሳስበው በከተማዋ ኢኮኖሚ ላይ ከሚታየው ለውጥ የተነሣ ነው። የንብረት ግብር ከዲሲ የግብር ገቢ ሲሶ ገደማውን ይይዛል። ከተማዋ ሌሎች ከተሞች ያላቸው አማራጮች የሏትም። የፌዴራል መንግሥት ሕንፃዎችና መሬት ግብር አይከፍሉም። የ1973ቱ የራስ አስተዳደር ሕግም በየቀኑ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ እየመጡ በሚሠሩ ሰዎች ገቢ ላይ ግብር እንዳይጣል ይከለክላል። ለብዙ ዓመታት ይህን ጉድለት የሞሉት በመሐል ከተማ ያሉት ትልልቅ የቢሮ ሕንፃዎች ነበሩ። ከ2020 በኋላ ሠራተኛው ከቤቱ መሥራት ሲለምድ ድርጅቶች የሚከራዩትን ቦታ ቀነሱ፣ ባዶ ፎቆች በዙ፣ አንዳንድ ሕንፃዎችም ቀድሞ ከተገዙበት በእጅጉ ባነሰ ዋጋ ተሸጡ። በ2025 ደግሞ የፌዴራል ሠራተኞች ቅነሳ መጣ። የከተማዋ ዋና የፋይናንስ ኃላፊ በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ባወጡት ትንበያ ለሦስት ዓመታት የሚጠበቀው ገቢ በድምሩ ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር እንደሚቀንስ አስታወቁ።

የቢሮዎቹ ዋጋ ሲወድቅ የከተማዋ ወጪ አብሮ አይወድቅም። ትምህርት ቤት፣ የእሳት አደጋ መከላከያ፣ የሜትሮ ድርሻ ባለበት ይኖራል። ስለዚህ ሸክሙ ቀስ በቀስ ወደ መኖሪያ ቤቶችና ወደ ትንንሽ የንግድ ሕንፃዎች ያጋድላል፤ ካልሆነም አገልግሎት ይቀንሳል። ባዶ ቢሮዎችን ወደ መኖሪያ ለሚቀይሩ ባለሀብቶች ለ20 ዓመት የሚቆይ የግብር ቅናሽ ተፈቅዷል። መሐል ከተማውን ለማነቃቃት ታስቦ ነው፤ ምክንያቱም የሚያስተች አይደለም። ሆኖም ለትልቁ ሕንፃ ቅናሽ የሚሰጥ ሕግ አውጪ፣ የትንሹን ሱቅ ሂሳብ ማን እንደሚከፍለው የመጠየቅ ግዴታ አለበት።

ትንሹ ሱቅ ደግሞ በሁለት ወገን ይመታል። ምሳ ይበላ የነበረው የቢሮ ሠራተኛ ቀርቷል፤ የሱቁ ሕንፃ ግምት ግን ከቢሮው ጋር አብሮ አልወረደም። ገማቾች ከተማውን ሁሉ የሚገምቱት በጅምላ ነው፣ ለየአካባቢው በተዘጋጀ አማካይ ቁጥር። በየሱቁ ገብቶ የተዘጋውን ማብሰያ ቤት ወይም ስምንት ወር ባዶ የቀረውን ጎን የሚያይ የለም። ያንን የሚያሳየው ይግባኝ ብቻ ነው። ይግባኙም መጀመሪያ ለታክስና ገቢ ጽሕፈት ቤት፣ ውሳኔው ካላረካ በ45 ቀን ውስጥ ነጻ ለሆነው የንብረት ግብር ይግባኝ ኮሚሽን፣ ከዚያም ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ይቀርባል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ጠበቃ ማቆም ግዴታ አይደለም። የሚያስፈልገው ማስረጃ ነው፤ የኪራይ ውሎች፣ የዓመቱ ገቢና ወጪ፣ ፎቶግራፍ፣ የጥገና ዋጋ ግምት። "ግብሩ በዛብኝ" የሚለው አቤቱታ ግን፣ እውነት ቢሆንም፣ ከቁጥር አይገባም። ክርክሩ ስለ ዋጋው እንጂ ስለ ችግሩ አይደለም።

የማኅበረሰቡ የንግድ ታሪክ ይህን ጉዳይ ቀድሞም ዐይቶታል። በ1980ዎቹ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች የተሰባሰቡት በአዳምስ ሞርጋን፣ በ18ኛው ጎዳና ነበር። እዚያ ኪራይ ሲወደድ ብዙዎች ወደ ዩ ስትሪትና ወደ ዘጠነኛው ጎዳና ወረዱ። ያ አካባቢ በዚያን ጊዜ ርካሽ ነበር፤ የሜትሮ ጣቢያው እንኳ የተከፈተው በ1991 ነው። ነጋዴዎቹ ጎዳናውን አብርተው ሰው እንዲመላለስበት አደረጉ፤ ዋጋው ጨመረ፤ ከዋጋው ጋር ግብሩ፣ ከግብሩ ጋር ኪራዩ ጨመረ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ንግድ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ተሻግሯል። አካባቢውን ያሳደጉት ሰዎች ከዕድገቱ ድርሻ ያገኙት በሂሳብ መጠየቂያ መልክ ነው። በእርግጥ ለመሄዳቸው የንብረት ግብር ብቸኛው ምክንያት አልነበረም፤ የቤተሰቦችም ወደ ዳር መውጣት፣ የመኪና ማቆሚያ ችግርም ነበረበት። ግን ሊታይና ሊታረም የሚችል አንዱ ምክንያት እርሱ ነበር።

መኖሪያ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ሰዎችስ? "ቤት የለኝም፤ የንብረት ግብር አይመለከተኝም" የሚለው አስተሳሰብ በየዓመቱ ገንዘብ ያስቀራል። የዲሲ ሕግ ተከራይ ከሚከፍለው ኪራይ 20 በመቶውን እንደ ንብረት ግብር ይቆጥርለታል። ገቢው በሕጉ ከተቀመጠው ጣሪያ በታች የሆነና ዓመቱን ሙሉ በዲሲ የኖረ ሰው "ስኬጁል ኤች" በሚባለው ቅጽ ከ1,000 ዶላር በላይ ሊደርስ የሚችል ተመላሽ መጠየቅ ይችላል። የገቢ ግብር የማይከፍል ሰውም እንኳ ቅጹን ለብቻው ማስገባት ይፈቀድለታል። ከንብረት ግብር ነጻ በሆነ ሕንፃ፣ ለምሳሌ በመንግሥት የመኖሪያ ቤት የሚኖር ግን አይመለከተውም። ለአነስተኛ የችርቻሮ ነጋዴዎችም ከ2018 የግብር ዓመት ጀምሮ የሚከፍሉትን ኪራይ መሠረት ያደረገ ተመላሽ ወጥቷል። መመዘኛውና መጠኑ ሊለዋወጥ ስለሚችል የዓመቱን ቅጽ ከሂሳብ ባለሙያ ጋር ማየት ይገባል።

ስለ አረጋውያን አንድ ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ዕድሜው 65 የሞላ፣ በቤቱ የሚኖርና የቤተሰቡ ገቢ ከጣሪያው ያልበለጠ ባለቤት የንብረት ግብሩ በግማሽ ይቀነስለታል። ቅድመ ሁኔታው አረጋዊው ከቤቱ ቢያንስ ግማሹ በስሙ መሆኑ ነው። በኢትዮጵያውያን ቤተሰብ ግን ቤቱ ብዙ ጊዜ የሚገዛው በልጅ ስም ነው፤ እናትና አባት ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠራቀሙትን ለቅድሚያ ክፍያው ቢያዋጡም። ልጁ አብሯቸው ካልኖረ ሆምስቴዱም ይቀራል፤ የ10 በመቶ ጣሪያውም ይቀራል። ይህን ለማስተካከል ብሎ ባለቤትነትን በችኮላ ማዛወር ደግሞ የዝውውር ግብርን፣ የሜዲኬይድ መብትንና ውርስን ሊነካ ስለሚችል ያለ ጠበቃ ምክር አይደረግም። በተቃራኒው ቤቱን ለቆ ያከራየ ባለቤት ሆምስቴዱን ካላሰረዘ ያልከፈለውን ከነቅጣቱና ከነወለዱ ይጠየቃል።

ለጎረቤቶቹ ባጭሩ፦ በሜሪላንድ ግምቱን የሚሠራው ክፍለ ግዛቱ ነው፤ አንድ ቤት በየሦስት ዓመቱ ይገመታል፣ ይግባኝ ለማለትም 45 ቀን ይሰጣል። ሆምስቴድ እዚያም አንድ ጊዜ በማመልከቻ የሚገኝ ነው። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ባለቤቶችና ለተወሰኑ ተከራዮች ለየብቻ ድጋፍ አለ፤ የማመልከቻው ቀን ኦክቶበር 1 ያበቃል። በሰሜን ቨርጂኒያ ግምቱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ከቤት ሌላ በመኪናም ላይ ግብር ስለሚከፈል ታክሲና ኡበር የሚነዳ ሰው ያንን በወጪው ውስጥ ማስገባት አለበት።

ግብር ሳይከፈል ሲቀር ከተማዋ ዕዳውን በጨረታ ለባለሀብቶች ትሸጣለች። ዕዳውን የገዛው ሰው ወለድና የሕግ ወጪ እየጨመረ ቤቱን እስከ መውሰድ ሊደርስ ይችላል። በ2013 ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ባወጣው ተከታታይ ምርመራ፣ በጥቂት ዕዳ ቤታቸውን ያጡ አረጋውያን ታሪክ ከታየ በኋላ የዲሲ ሕግ ተሻሽሏል። በ2023ም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሚኔሶታ በመጣ ጉዳይ፣ መንግሥት ለግብር ዕዳ ቤት ሲሸጥ ከዕዳው የተረፈውን ገንዘብ ለራሱ ማስቀረት እንደማይችል በሙሉ ድምፅ ወስኗል። እነዚህ ጥበቃዎች ያሉት በመንገዱ መጨረሻ ላይ ነው። በመነሻው ላይ የሚያስፈልገው የመጀመሪያውን ደብዳቤ የሚመለከተው ሰው እንዲያነበው ማድረግ ነው።

ለዚህ የሚሆን ሕግ በከፊል አለ። በ2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ፣ እንግሊዝኛ የማይችል የአንድ ቋንቋ ተናጋሪ ቁጥር አንድ መሥሪያ ቤት ከሚያገለግለው ሕዝብ 3 በመቶ ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ አነስተኛው ላይ ከደረሰ፣ አስፈላጊ ሰነዶች በዚያ ቋንቋ እንዲተረጎሙ ያዛል። አማርኛ በዚህ ሕግ አፈጻጸም ዋና ከሆኑት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ማንም ሰው በስልክም ሆነ በአካል ያለ ክፍያ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላል፤ ከተከለከለም ለሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ያቀርባል። ኤፕሪል 1 ላይ የሚያበቃ መብትን የሚያሳውቅ ወረቀት አስፈላጊ ሰነድ ካልሆነ፣ አስፈላጊ የሚባለው የትኛው እንደሆነ ማስረዳት ያስቸግራል። የግምት ማስታወቂያው ማብራሪያ፣ የይግባኝ ቅጹና የስኬጁል ኤች መመሪያ በአማርኛ ከማስታወቂያው ጋር በአንድ ፖስታ እንዲላኩ መጠየቅ አዲስ መብት መፍጠር አይሆንም።

አዲስ ሕግ የሚያስፈልገው ለተከራይ ነጋዴው ነው። የሚጠየቀውም ይህ ነው፦ ግብሩን በውል ወደ ተከራይ ያሻገረ ባለቤት ማስታወቂያው በደረሰው በ10 ቀን ውስጥ ቅጂውን ለተከራዩ ይስጥ። ከተከራዮቹ የግብሩን ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ የሚከፍሉት በጽሑፍ ከጠየቁት ይግባኝ ይበል፣ ወይም በእርሱ ስም እንዲሉ ይፍቀድ። በይግባኝ የተመለሰ ገንዘብም ለከፈለው ሰው በድርሻው ይመለስ። ይህ በሕግ እስኪደነገግ ድረስ ውል የሚያድስ ነጋዴ ሦስቱንም በውሉ ውስጥ እንዲገቡ መጠየቅ ይችላል። የሕንፃው የሕዝብ መዝገብም ክፍት ስለሆነ የግምቱን ቁጥር በአድራሻ ፈልጎ ማየት ይቻላል።

የአከራዮች መከራከሪያ ሁለት ነው። አንደኛው ውል የሁለት ሰዎች ስምምነት ስለሆነ መንግሥት አይግባበት የሚል ነው። ለሐሳቡ ክብደት መስጠት ይገባል፤ የተጠየቀው ግን መረጃን የሚመለከት ነው፤ የኪራዩን መጠን ማንም አይነካም። ሁለተኛው የወረቀት ሸክም ይበዛል የሚል ነው። የንግድ ሕንፃ ባለቤቶች በየዓመቱ እስከ ኤፕሪል 15 የሕንፃቸውን ገቢና ወጪ ለታክስና ገቢ ጽሕፈት ቤት በቅጽ ያሳውቃሉ። ተከራዮቻቸው እነማን እንደሆኑ፣ ምን እንደሚከፍሉም ያውቃሉ። የአንድ ገጽ ቅጂ በኢሜይል መላክ ከዚያ በላይ ሸክም አይሆንም።

ለጽሕፈት ቤቶቹ ባልደረቦች የሚቀረው የጊዜ ጉዳይ ነው። ቀጣዩ ማስታወቂያ ማርች 1 ከመድረሱ በፊት ይወጣል። የትርጉሙ ሥራ ሕግ ማሻሻያ አያስፈልገውም፤ ከአሁኑ ከተጀመረ ለዚያ ቀን ይደርሳል። የተከራዩ ቅጂ ጉዳይ ግን በምክር ቤቱ ውይይት ተደርጎበት እስኪጸድቅ ቢያንስ አንድ የይግባኝ ወቅት ያልፋል። በዚያ ወቅት መካከል በየሱቁ እየዞሩ የሕንፃውን አድራሻ ከመዝገቡ ላይ አውጥተው ግምቱን ለነጋዴው የሚያሳዩ በጎ ፈቃደኞች ያስፈልጋሉ። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀው ዝርዝር በዘጠነኛው ጎዳና ተጀምሮ ወደ ጆርጂያ አቬኑ ሽቅብ ይቀጥላል።